ስለ መቆሚያ ዋጋ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚወርደው መንገድ አዘዞን ካለፈ በኋላ ጠዳን በመካከሏ ሰንጥቆ ያልፋል። በዚህ መንገድ የሚሄደውን መቍጠር ቀላል ነው፤ የሚቆመውን መቍጠር ግን ጊዜ ይወስዳል። ጭነቱን ለማጥበቅ የቆመ አይሱዙ፥ ሰው እስኪሞላለት የሚጠብቅ ሚኒባስ፥ ጥላ ፈልገው የተደረደሩ ባጃጆች፥ እህል ተጭና ባለቤቷን የምትጠብቅ አህያ፥ ሁሉም ከመንገዱ ጠርዝ ጥቂት ጥቂት ክንድ ወስደዋል። ይህን ጥቂት ክንድ ማን ሰጣችሁ ብሎ የሚጠይቃቸው የለም፤ እነርሱም እንደ ተሰጣቸው ቈጥረው ይቆማሉ። ጠዳ ከአዘዞ ጋር በአንድ ክፍለ ከተማ ተጠቃልላ በጎንደር ከተማ አስተዳደር ሥር የምትገኝ ስለ ሆነች፥ የከተማው ምክር ቤት ስለ መንገድ ዳር የሚወስነው ነገር ሁሉ በፒያሳ ብቻ አይቀርም፤ ለእርስዋም ይደርሳታል።

የከተማ ምክር ቤት የመኪና ማቆሚያ ዋጋን መርምሮ ከፍ ሊያደርግ በተቀመጠ ጊዜ ነገሩ ለሰሚው ትንሽ ይመስለዋል። መኪና ለመግዛት የበቃ ሰው ጥቂት ብር ቢጨምር ምን ይጎዳዋል ይባላል። ባለ መኪናውም በበኩሉ፥ መንገዱ በግብሬ የተሠራ ሲሆን ስለ ምን ቆሜ እከፍላለሁ ይላል። ሁለቱም ወገኖች ከአንድ ጥያቄ ይሸሻሉ፤ ይኸውም የሚከፈለው ገንዘብ የምን ዋጋ ነው የሚለው ነው። የቦታው ኪራይ ነውን? የጠባቂው ደመወዝ ነውን? ወይስ ስሙን ለውጦ የመጣ ግብር ነው? ይህ ሳይለይ ስለ ብሩ ቍጥር መሟገት፥ በሚዛኑ ላይ ምን እንደ ተቀመጠ ሳያዩ ስለ ክብደቱ እንደ መከራከር ያለ ነው።

መንገድ ዳርን ስለ መያዝ የሚነሣው ክርክር ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። የቅዱሳት መጻሕፍት አንባቢ የሚያውቀው የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም በነነዌ የንጉሡን ጎዳና አስፍቶ ከሠራ በኋላ፥ ማንም እንዳያጠብበው በድንጋይ ላይ አስቀርጾ ነበር፤ አዲስ ቤት ሠርቶ መሠረቱን ወደ ጎዳናው ያስገባ ሰውም በገዛ ቤቱ ላይ እንዲሰቀል አዘዘ። በሮም ደግሞ በዩልዮስ ቄሣር ስም የሚጠራው ሕግ፥ ጥቂቶች ሲቀሩ፥ የጭነት ጋሪዎች በቀን በከተማው ውስጥ እንዳይዘዋወሩ ከልክሎ ነበር። የነነዌው ቅጣት የጨካኝ ዘመን ቅጣት ነው። ሐሳቡ ግን ለዛሬውም ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ መንገድ የሁሉ ስለ ሆነ አንዱ ብቻውን ሲይዘው ሌላው ሁሉ ጥቂት ጥቂት ይቀማል።

ጎንደር ግን በዚህ ነገር ከነነዌ ይልቅ የቀረበ ትዝታ አላት። ዐፄ ፋሲለደስ በ17ኛው መቶ ዓመት መናገሻ ካደረጓት ጀምሮ ከተማይቱ የቅፍለት መገናኛ ነበረች። ከምፅዋ ወደብ ተነሥቶ ስሜንን አቋርጦ የሚመጣው፥ ከመተማ ቆላ የሚወጣው፥ ከጎጃም የሚደርሰው ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን ያራግፍባት ነበር። አሞሌው፥ ቡናው፥ ዝባዱ፥ የዝሆን ጥርሱ፥ በዚያ ክፉ ዘመንም ለባርነት የሚነዳው ሰው ሳይቀር በኬላ ያልፋል። በኬላው ላይ የነጋድራሱ ሰው ተቀምጦ ጭነቱን እየቈጠረ ይቀርጣል፤ ክፍያውም አንዳንድ ጊዜ በጠገራ ብር፥ አንዳንድ ጊዜ በአሞሌ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዕቃው ከራሱ ተነሥቶ ይሰጣል።

ነጋድራሱ ይህን ሥልጣን የሚይዘው በደመወዝ አልነበረም። ለገዢው የተቈረጠ ገንዘብ ይከፍላል፤ ከዚያ በላይ የሰበሰበው ለራሱ ይቀራል። አንባቢ ሆይ፥ የነገሩ ቍልፍ በዚህ ላይ ነው። የቀራጩ ትርፍ ከተቈረጠው በላይ በሚገኘው ውስጥ ከሆነ፥ ዋጋው ተሰውሮ መኖሩ ለእርሱ ጥቅም ነው። ተጽፎ የተሰቀለ ዋጋ ክርክርን ይዘጋል፤ ያልተጻፈ ዋጋ ግን ለእያንዳንዱ ነጋዴ እንደ ፊቱ ይቈረጣል። ለኃይለኛው ይቀነሳል፤ ዘመድ ላለው ይታለፋል፤ አገሩን ለማያውቀው ይጨመራል። ነጋዴው ተከራክሮ እስኪስማማ ድረስም ቅፍለቱ ቆሞ ይውላል፤ ሲብስም ያድራል። በአንዱ ኬላ የከፈለ ሰው በሚቀጥለው ኬላ ምንም እንዳልከፈለ ይቈጠራል። የኬላ ስም በሕዝብ ዘንድ የከፋው ቀረጥ ስለ ተቀረጠ ብቻ አልነበረም፤ ከፋዩ ስንት እንደሚከፍል አስቀድሞ ስለማያውቅ፥ ከፍሎም ምን እንደ ተሠራለት ስለማያይ ነበር። መንገዱ ያው ጭቃው መንገድ ነው፤ ወንዙም ያው ድልድይ የሌለው ወንዝ ነው።

በድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኖ የሠራው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ አስተዳደር የጻፈው መጽሐፍ፥ እርሱ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታትሟል። በነጋድራስ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ስለ አገር ሀብት ይህን ያህል አስቦ መጻፉ ብርቅ ነው፤ የዚያ ወንበር ባለቤቶች ብዙዎቹ የሚያስቡት ስለ ወንበሩ ነበርና። በ20ኛው መቶ ዓመት ቀረጥ ወደ አገር ድንበርና ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት እየተሰበሰበ ሲሄድ የውስጡ ኬላ እየጠፋ ሄደ። ቃሉ ግን አልሞተም። የጭነት መኪና ነጂዎች በመንገድ ላይ በተዘረጋ ገመድ ፊት ቆመው ስለ ከፈሉት ገንዘብ ሲያማርሩ፥ አያቶቻቸው ይጠሩት በነበረው በዚያው ስም ይጠሩታል።

ጎንደር በኬላ ዘመን ብቻ ሳይሆን በማዘጋጃ ቤት ዘመንም ቀዳሚ ናት። ከንቲባ የሚለው ማዕርግ ዘመናዊው ሕግ ከመምጣቱ በፊት በጎንደርና በደምቢያ የታወቀ ነበር። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር አስተዳደር ደንብ በከንቲባ እንዲተዳደሩ ለይቶ ያነሣቸው አዲስ አበባንና ጎንደርን ነው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው ስለ ማዘጋጃ ቤቶች የሚናገር አዋጅ ቍጥር 74ም እነዚህኑ ሁለቱን ከሌሎቹ ታናናሽ ከተሞች ለይቶ አስቀመጠ። በዚህ አዋጅ መሠረት የከተማ ምክር ቤት ተቀምጦ ስለ ከተማው አገልግሎት የሚከፈለውን ይመክር ዘንድ ተፈቀደ። ይህ ለውጥ ታላቅ ነው፤ የኬላውን ዋጋ የሚቈርጠው የሚቀርጠው ሰው ራሱ ነበርና፥ አሁን ግን ቈራጩ ሌላ፥ ሰብሳቢው ሌላ ሆነ። ቢያንስ በወረቀት ላይ እንዲህ ሆነ።

ዛሬ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች የመንገድ ዳር ማቆሚያ ብዙ ጊዜ በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች ይሰጣል። ሰደርያ ለብሰው፥ ቲኬት ይዘው፥ መኪናው የገባበትን ሰዓት ጽፈው ወረቀቱን በዝናብ መጥረጊያው ሥር ይሰካሉ። ፀሓዩም ዝናቡም በራሳቸው ላይ ነው። ሥራ ላጣ ወጣት ይህ እንጀራ ነውና ማቃለል አይገባም። ነገር ግን ማኅበሩ ለከተማው የተቈረጠ ገንዘብ ከፍሎ የቀረውን ሁሉ ለራሱ የሚወስድበት ውል ከተዋዋለ፥ የነጋድራሱ ሥርዓት ሰደርያ ለብሶ ተመልሷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ዋጋው የተጻፈበት ሰሌዳ ይወድቃል፤ የሚያነሣውም አይገኝም። ቲኬቱ ሳይቈረጥ ገንዘቡ ይቀበላል። ለሠርግ የመጣ እንግዳ፥ በጥምቀት ሰሞን ወደ ፋሲል መዋኛ የወረደ መንገደኛ፥ የአገሩን ዋጋ አያውቅምና እንደ ፊቱ ይቈረጥበታል። ቀራጮች ሊጠመቁ ወደ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ባሉት ጊዜ ሥራቸውን እንዲተዉ አላዘዛቸውም፤ ከተወሰነላቸው አልፈው እንዳይቀበሉ ብቻ ነገራቸው። ይህን ለመጠበቅ ግን አስቀድሞ የተወሰነ ነገር መኖር አለበት፤ የተወሰነውንም ከፋዩ ማወቅ አለበት። ወጣቱ በደመወዝ ቢሠራና ገንዘቡ በየደረሰኙ ወደ ከተማው ሣጥን ቢገባ፥ ከደንቡ አሳልፎ የመቀበል ፈተናው ይቀንስለታል፤ እንጀራውም በእንግዳው አለማወቅ ላይ የተንጠለጠለ አይሆንም።

ከዚህ ሌላ፥ ምክር ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት አንድ የአገር ጠባይ አለ። በከተሞቻችን ሰው የማቆሚያ ገንዘብ ሳያጉረመርም የሚከፍለው ስለ ቦታው ብሎ አይደለም፤ ስለ ስፖኪዮው ብሎ ነው። ወርዶ ጉዳዩን ፈጽሞ ሲመለስ መስተዋቱን፥ መብራቱን፥ የጎማውን ክዳን በቦታው ማግኘት ይፈልጋል። ሰደርያ የለበሰውን ልጅ የሚያየው እንደ ቀራጭ ሳይሆን እንደ ዘበኛ ነው፤ አደራ ብሎት ይሄዳል። አደራ ደግሞ በዚህ አገር ቀላል ቃል አይደለም። አደራ የበላ ሰው በዘመዶቹ መካከል እንኳ ቀና ብሎ አይሄድም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ አደራ የራሱ ክፍል አለው፤ የሰውን ዕቃ ሊጠብቅ የተቀበለ ሰው እንዴት እንደሚጠይቅበት ይደነግጋል። እንግዲህ ምክር ቤቱ ዋጋውን ከፍ ባደረገ ጊዜ፥ ከፍ ያደረገው የቦታውን ኪራይ ከሆነ ለጠፋው መስተዋት ተጠያቂ የለም፤ የጥበቃውን ዋጋ ከሆነ ግን የጠፋውን የሚተካ መኖር አለበት። በቲኬቱ ጀርባ በደቃቅ ፊደል ለጠፋ ዕቃ ኀላፊነት የለብንም ብሎ አትሞ፥ በፊቱ ደግሞ የጥበቃ ዋጋ መቀበል ሁለት ምላስ መያዝ ነው። ባለ መኪናው ስለ ጭማሪው የሚቈጣበት ምክንያት ከተመረመረ፥ ብዙውን ጊዜ ከብሩ ቍጥር ይልቅ ይህ ነው የሚገኘው።

መኪና ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ ስለ ማቆሚያ የጠየቀ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌ የሚባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ ሲያመጣ፥ የሰው መደነቅ ያለ ፈረስ በመሄዱ ነበር። መኪና የዕድሜውን አብዛኛውን ክፍል ቆሞ እንደሚያሳልፍ የታወቀው በኋላ ነው። በውጭ አገር የመረመሩት ሰዎች እንደሚሉት፥ የአንድ ሰው የግል መኪና ከሃያ አራቱ ሰዓት ሃያ ሦስቱን ያህል የሚያሳልፈው በመቆም ነው። ለመቆምም አሥራ ሁለት ካሬ ሜትር ያህል መሬት ይፈልጋል። በጉልት ላይ ቃሪያና ሽንኵርት ዘርግታ የምትሸጥ ሴት የምትቀመጥበት ቦታ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ ስለ እርሱም ደንብ አስከባሪ ይመጣባታል።

ስለ መቆም ሰዓት ቈጥሮ የሚያስከፍለው መሣሪያ መጀመሪያ የተተከለው በአሜሪካ በኦክላሆማ ከተማ ሲሆን፥ ቀኑም ሐምሌ 9 ቀን 1927 ዓ.ም.፥ በእነርሱ አቈጣጠር ጁላይ 16 ቀን 1935 ነበር። ጊዜው የኢጣልያ ጦር ኢትዮጵያን ሊወር ሦስት ወር እንኳ ያልቀረው ነበርና እዚህ ስለዚያ ዕቃ የሰማ ቢኖር ጥቂት ነው። ሐሳቡን ያመነጨው ካርል ማጊ የሚባል ጋዜጠኛ ነበር። የዚያ ከተማ ነጋዴዎች ያስቸገራቸው ነገር ለጎንደር ፒያሳ ሰው እንግዳ አይደለም፤ በሱቅና በቢሮ የሚሠሩት ሰዎች ማለዳ መጥተው መኪናቸውን በደጁ ያቆማሉ፥ እስከ ማታም አይንቀሳቀስም፤ ሊገዛ የመጣው ሰው ዞሮ ዞሮ ቦታ ሲያጣ ይሄዳል። መሣሪያው በሰዓት አምስት ሳንቲም ያስከፍል ነበር። በመጀመሪያው ወራት ከተያዙት ሰዎች አንዱ የአገሩ ሰባኪ እንደ ነበረና፥ ለዳኛው ሳንቲም ልመነዝር ወደ ሱቅ ገብቼ ነው ብሎ እንደ ተለቀቀ ይተረካል። መምህራንም ከመቆሚያ ዋጋ እንዳላመለጡ ለማስታወስ ይህ ይበቃል።

ነገሩ ወዲያው በዳኞች ፊት ቀረበ። በአላባማ ግዛት ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1937 የበርሚንግሃም ከተማ የተከላቸውን መሣሪያዎች በተመለከተ በከተማው ላይ ፈረደ፤ ክፍያው መንገድን ለማስተካከል ሳይሆን ገንዘብ ለማግኘት የተጣለ ግብር ሆኖ ስለ ተገኘበት ነው። ሌሎች ፍርድ ቤቶች ለከተሞቹ ፈረዱ፤ ከጊዜ በኋላም መሣሪያው በዓለም ሁሉ ተስፋፋ። ጥያቄው ግን እስካሁን ጥርሱን አላጣም። ዋጋው የተነሣው ቦታ እንዲገኝ ነውን፥ ወይስ የከተማው በጀት ስለ ጎደለ ነው? ሁለተኛው ከሆነ ጉድለቱ በመኪና ባለቤት ላይ ብቻ የሚጣልበት ምክንያት መነገር አለበት። በእውነት የሆነ እንደ ሆነ፥ ምክር ቤቶች ሲመክሩ ስለ መጀመሪያው ይናገራሉ፤ በጀት ሲጽፉ ግን ስለ ሁለተኛው ይቈጥራሉ።

ይህ ሁሉ ሲባል ዋጋው ባለበት ይኑር ማለት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከዚያ በፊት የተቈረጠ የማቆሚያ ዋጋ ሳይለወጥ ከቆየ፥ በወረቀቱ ላይ ያው ይሁን እንጂ በእውነቱ ወርዷል። የጠባቂው ልጅ የሚበላው እንጀራ ዋጋው አልቆመለትምና። ዋጋው ከወረደም ማለዳ የመጣው መኪና እስከ ማታ የሚቆምበት ምክንያት ይበረታል። አንድ ቦታ ቀኑን ሙሉ በአንድ መኪና ቢያዝ የሚያገለግለው አንድ ሰው ነው፤ እያንዳንዱ አንድ አንድ ሰዓት ቢቆም ግን በአሥር ሰዓት አሥር ሰው ያስተናግዳል። የዋጋ ጭማሪን አጥብቆ የሚቃወመው ባለ ሱቅ ብዙ ጊዜ በገዛ ሱቁ ደጅ የገዛ መኪናውን አቁሞ የሚውል ነው። ደንበኞቼን አባረራችሁብኝ ይላል፤ የደንበኛውን ቦታ የያዘው ግን እርሱ ራሱ ነው።

የመንግሥት ታርጋ ያለውስ? ሹሙ ሳይከፍል በመንገዱ አፍ ላይ ቆሞ ከዋለ፥ ሕጉ የተጻፈው ለደካማው መሆኑን ወጣቱ ጠባቂም ባለ ሱቁም ያያሉ፤ ከዚያ በኋላ ስብከት አያስፈልግም። በዚህ ላይ ቃል ማብዛት አይገባም። የቤተ ክርስቲያን ደጅም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም። በሰንበትና በታቦት ንግሥ ቀን ከቅጥሩ ውጭ የሚደረደሩት መኪናዎች፥ በእግሩ የመጣውን ሽማግሌና በደጀ ሰላም የሚቀመጠውን ነዳይ ወደ አስፋልቱ መካከል ሲገፉ ይታያል።

በዘመናችን ስለ ማቆሚያ በሰፊው የጻፈው አሜሪካዊው መምህር ዶናልድ ሾፕ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ፥ በነጻ የሚገኝ ማቆሚያ በእውነቱ ነጻ እንዳልሆነ፥ መኪና የሌለው ሰው ሳይቀር በልዩ ልዩ መንገድ እንደሚከፍለው አስረድቷል። ዋጋው ልክ የሚሆነውም በእያንዳንዱ መንገድ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ባዶ ቦታ እንዲገኝ ሲያደርግ ነው ይላል። የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ሞክራ ዋጋውን በየመንገዱና በየሰዓቱ ለያየች፤ በሚጨናነቀው መንገድ ከፍ አደረገች፥ ባዶ በሚውለው ዝቅ አደረገች። ሙከራው ሲመዘን አማካዩ ዋጋ ከበፊቱ ጥቂት ወርዶ ተገኘ። ስለዚህ ዋጋን መመርመር ማለት ሁልጊዜ መጨመር ማለት እንዳይደለ ልብ ይሏል። አዲስ አበባም በ2013 ዓ.ም. ከመስቀል አደባባይ በታች 1,400 መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ሠርታለች፤ እንዲህ ያለ ሥራ የሚጠቅመው ግን በዙሪያው ያለው ጎዳና ከእርሱ ርካሽ ካልሆነ ነው። በላይ በነጻ የሚቆም ሰው ገንዘብ ከፍሎ ወደ ምድር ቤት አይወርድም።

ከዚህ ይልቅ ለጎንደር ምክር ቤት የሚያሳስበው የፓሳዴና ነገር ነው። በካሊፎርኒያ ያለችው ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1993 በአሮጌው የንግድ ሰፈሯ ክፍያ ልታስገባ ስትል ነጋዴዎቹ ተቃወሙ። ከተማይቱም የሚሰበሰበው ገንዘብ በሙሉ ለዚያው ሰፈር የእግር መንገድ፥ መብራትና ጽዳት እንደሚውል ቃል ገባች፤ ነጋዴዎቹም ወዲያው ተስማሙ። ሰፈሩም ጠገነ። ከፋዩ ገንዘቡን በእግሩ ሥር ሲያየው ክርክሩ ይቀዘቅዛል። የጎንደር ፒያሳም በኢጣልያ ዘመን የተሠሩ አሮጌ ሕንጻዎቹን፥ የእግር መንገዶቹንና የፋሲል ግንብን ዙሪያ የሚጠብቅበት ገንዘብ ያስፈልገዋል።

ሆኖም ይህን ሥርዓት እንዳለ ወደ ጎንደር ማምጣት ጠዳን ይጎዳታል። የማቆሚያ ገንዘብ በብዛት የሚሰበሰበው በፒያሳና በአራዳ ነው፤ ገንዘቡ ሁሉ ወደ ተሰበሰበበት ከተመለሰ ጥሩው መንገድ የተሻለ ይሆናል፥ ጠዳ ግን ባለችበት ትቀራለች። የጠዳ ሰውም እህሉን ይዞ ወደ ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ፥ የተሳፈረበት ሚኒባስ ወይም ዕቃውን የጫነበት አይሱዙ የሚከፍለው የማቆሚያ ዋጋ በመጨረሻ ከታሪፉና ከእህሉ ላይ ይወጣል። መኪና ሳይኖረው ከፋይ ሆኗል፤ በምክር ቤቱ ፊት ግን መኪና የለውምና ነገሩ የእርሱ አይደለም ይባላል። ከዚህም በላይ በጠዳ የጎደለው ዋጋ ሳይሆን ቦታ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ጎማው ተነፍሶ፥ ያለ መብራት፥ ድንጋይ ብቻ ከኋላው ተደርጎለት የሚያድር የጭነት መኪና ስንት ሰው ሊገድል እንደሚችል በዚያ መንገድ በሌሊት የነዳ ያውቃል። እዚያ ማስከፈል ከመጀመሩ በፊት ከአስፋልቱ ወጣ ያለ የጠጠር ሜዳ ሊሠራ ይገባል። ሳይሠራለት በአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ለቆመው ቲኬት መቍረጥ፥ ድልድይ በሌለው ወንዝ ላይ እንደ ተቀመጠው ኬላ ነው።

ስለዚህ ምክር ቤቱ ከሰብሳቢው ጋር የተዋዋለውን ውል፥ ከተሰበሰበው ወደ ሣጥን የገባውንና ዋጋውን በአንድ ቀን በአንድ ጉባኤ ቢያያቸው ይሻላል፤ ዋጋውን ብቻ ነጥሎ ያየ እንደ ሆነ ሌሎቹ ተሸሽገው ይቀራሉ። ከፒያሳ ከሚገባው አብዛኛው ለፒያሳ ይሁን፤ ከአሥር እጅ አንዱ እንኳ ግን ወደ አዘዞና ወደ ጠዳ ቢወርድ፥ መጀመሪያ የጭነት መኪኖቹን ሜዳ፥ ቀጥሎም ለገበያ ቀን ለጋማ ከብቱ ማሰሪያና የውኃ ገንዳ ያሠራል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ገንዳው ግን ከተሠራ በኋላ ደርቆ እንዳይቀር ውኃውን የሚሞላና ጉድፉን የሚጠርግ አንድ ሰው መቀጠር አለበት፤ ደመወዙም ከዚያው ከማቆሚያው ገንዘብ በየወሩ በደረሰኝ ይከፈለው።